ከጎብኚው በፊት ጠባቂው

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ የደቻቱን ሸለቆ ቁልቁል የሚያይ የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ፤ ፖርክ ኤፒክ ይባላል። ፈረንሳዊው ካህንና የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ከአገራቸው ሰው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምሩ ዓለም አስተዋወቁት። ከአራት ዓመት በኋላ በዘመናቸው የዋሻ ሥዕል ሊቅ የነበሩት አባ ሄንሪ ብረይ መጥተው የግድግዳውን ሥዕል አጠኑ። ኋላ ላይ በተካሄደው ቁፋሮ ከዋሻው ወለል ሥር ከ4,000 የሚበልጥ ቁርጥራጭ የቀለም ድንጋይ ወጥቷል። ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚያ በጣም ዘግይተው የተሣሉ ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ደብዝዘዋል፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ካላሳየ በስተቀር አላፊ አግዳሚው ሳያያቸው ያልፋል።

ፖርክ ኤፒክ ብቻውን አይደለም። ከድሬዳዋና ከሐረር ዙሪያ ለጋ ኦዳን፣ ጎዳ አጃዋንና ሌሎችንም መጥራት ይቻላል። በትግራይ አምባ ፎቃዳ አለ። በደቡብ ደግሞ ዲላ አቅራቢያ ሸጴ የሚባለው ሥፍራ አለ፤ እዚያ ሥዕሉ በቀለም ሳይሆን በቅርጽ የተሠራ ነው። ከወንዙ ዳር በቆመው ዓለት ላይ ላሞች ተርታቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይሄዳሉ። ጭንቅላታቸው አነስ፣ ቀንዳቸው ረዘም ያለ ነው፤ ሻኛ የላቸውም። ቀራጩ አብልጦ የተጨነቀበት ግታቸው ነው፦ ከኋላ እግሮቻቸው መካከል ሞላ ብሎ፣ ጡቶቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። የሠራው ሰው ላም አልቦ የሚያውቅ፣ ሀብቱም ኩራቱም ከብቱ የሆነ ሰው እንደነበር ለመረዳት የአርኪዮሎጂ ትምህርት አያስፈልግም።

እነዚህን ሥፍራዎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ከምሁራን ጉባኤ ወጥቶ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄ እየሆነ ነው። የቱሪዝም ልማት የመንግሥት ትኩረት ሆኗል፤ ክልሎችና ዞኖች የሚያስጎበኙትን ይፈልጋሉ፤ ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው “መንገድ እናስገባ፣ እናስተዋውቅ፣ ገቢ እናግኝ” ይላል። ሁለተኛው “እንጠር፣ እንቆልፍ፣ ማንም አይድረስበት” ይላል። የሁለቱንም ጭንቀት እረዳለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ከመሀል ያለውን ሰው ዘለውታል፤ ይኸውም ከሥፍራው አጠገብ የሚኖረው፣ ቀን ከብቱን እዚያ የሚያውለው፣ ማን እንደመጣና ምን እንዳደረገ ከማንም ቀድሞ የሚያየው ሰው ነው። የዓለት ሥዕል ለሕዝብ መከፈት ያለበት ይህ ሰው ጠባቂው ከሆነ በኋላ ነው። የሌላው ዓለም ልምድም የሚያስተምረው ይህንኑ ይመስለኛል።

ለመቆለፍ የሚከራከሩ ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠሩት የፈረንሳዩን ላስኮ ነው፤ ምክንያታቸውም ጠንካራ ነው። ላስኮን እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1940 አራት ልጆች አገኙት። ወደ 17,000 ዓመት ይሆነዋል የሚባለው የበሬ፣ የፈረስና የአጋዘን ሥዕል ሲገኝ ትናንት የተሣለ እስኪመስል ድረስ ደማቅ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። ጎብኚ በቀላሉ እንዲገባ አፉ ሰፋ፤ ደረጃ ተሠራለት፤ መብራት ተዘረጋለት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባ ነበር።

ጉዳቱ የመጣው ግን ሥዕሉን ከነካ እጅ አልነበረም፤ ከጎብኚው ትንፋሽ ነበር። ሰው ሲተነፍስ ሙቀት፣ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ግድግዳው ላይ ከሚያርፈው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ደካማ አሲድ ይሆንና የኖራ ድንጋዩን ያሟሟዋል። የሟሟው ኖራ ሌላ ቦታ ላይ ሲደርቅ ሥዕሉን በነጭ ሽፋን ይጋርደዋል። በዚህ ላይ መብራቱ ለአልጌ ምግብ ሆነ፤ በጫማ የገባው አፈርም ተህዋስያንን ይዞ መጣ። ግድግዳው አረንጓዴ ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ። በመጨረሻ በ1963 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ዋሻው ለሕዝብ እንዲዘጋ አደረጉ። ዋሻው ከተገኘ 23 ዓመት፣ ከተከፈተ 15 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር።

ይሁን እንጂ የላስኮ ታሪክ በመዘጋቱ አላበቃም፤ ለእኛ የሚበጀው ትምህርትም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1983 ከዋሻው 200 ሜትር ያህል ርቆ ቅጂው ተሠራና ጎብኚው ወደዚያ ሄደ። ዋናው ዋሻ ግን ሰው ሳይበዛበትም አልዳነም። በ2001 የአየር ማስተካከያ መሣሪያው በአዲስ ከተተካ በኋላ ነጭ ሻጋታ ወለሉንና ግድግዳውን ወረረው። ወለሉ ላይ ኖራ ተነሰነሰ፤ ግድግዳው ላይ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ተለጠፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ መጣ። አንዴ ሚዛኑ የተናጋ ዋሻ በሩ ስለተዘጋ ብቻ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ የሚሰጠው ሕክምናም ራሱ ሌላ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስፔንም በአልታሚራ ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ብቻ ወደ 177,000 ሰው ዋሻውን ጎበኘ። በ1977 ተዘጋ፤ በ1982 በዓመት 8,500 ሰው ብቻ እንዲገባ ተፈቅዶ ተከፈተ፤ በ2002 እንደገና ተዘጋ። ከ2014 ጀምሮ በሳምንት አምስት ሰው ብቻ በዕጣ እየተመረጠ እንዲገባ ተደረገ፤ ሌላው ጎብኚ በ2001 የተከፈተውን ቅጂ ያያል። ፈረንሳይ ከላስኮ የተማረችውን ያሳየችው በሾቬ ነው። ይህ ከ30,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥዕል ያለበት ዋሻ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1994 ሲገኝ አንድ ቀን እንኳ ለሕዝብ አልተከፈተም። አግኚዎቹ ራሳቸው ወለሉን ላለመርገጥ ተጠንቅቀው ነበር። ጎብኚው ከ2015 ጀምሮ የሚያየው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተሠራውን ቅጂ ነው።

ታዲያ እኛም እንዝጋና ቅጂ እንሥራ? እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚለየው። ላስኮ፣ አልታሚራና ሾቬ ከምድር ሆድ ውስጥ የሚገኙ፣ ለሺሕ ዓመታት ታፍነው የኖሩ ጥልቅ ዋሻዎች ናቸው። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ገደል ሥር ያሉ፣ ፊታቸው ለነፋስና ለፀሐይ የተከፈተ የዓለት ከለላዎች ናቸው። ለእነዚህ የጎብኚ ትንፋሽ ያን ያህል ሥጋት አይደለም። ሥጋታቸው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጭስ ነው። የዓለት ከለላ ለእረኛ የዝናብ መጠለያ፣ የምሳ ማብሰያና የማደሪያ ቦታ ነው፤ እሳቱ ሲደጋገም ጥቀርሻው ሥዕሉን ይሸፍነዋል። ሁለተኛው የከብትና የፍየል መታከክ ነው፤ ከግድግዳው ግርጌ ያለው ሥዕል ቀድሞ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሦስተኛው በከሰል ወይም በድንጋይ ስም መጻፍ ነው። አራተኛው ብዙ ሰው ጉዳት መሆኑን እንኳ የማያውቀው ነው፦ ሥዕሉ ጎልቶ ፎቶ እንዲወጣ ውሃ መርጨት። ውሃው ለአፍታ ቀለሙን ያደምቀዋል። ነገር ግን ዓለቱ ውስጥ የነበረውን ጨው አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ውሃው ሲተን ጨው እንደ ጥቃቅን መርፌ ከቀለሙ ሥር ይጠጥርና ቀለሙን ከዓለቱ ፈንቅሎ ያረግፈዋል። በአልጄሪያው የሰሐራ ተራሮች በታሲሊ ንአጀር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሥዕሎቹን ለመገልበጥ የመጣው የፈረንሳዊው አንሪ ሎት ቡድን ግድግዳውን በውሃ ያጥብ ነበር። ታሲሊ ዛሬ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በውሃ የታጠቡት ሥዕሎች መደብዘዝ ግን እስከ ዛሬ የሚነሳ ወቀሳ ነው። ያን ጉዳት ያደረሱት ደግሞ ሥዕሉን የሚወዱና ሊያድኑት የመጡ ሰዎች ነበሩ።

እነዚህን አራት አደጋዎች አስተውሉ። አንዳቸውንም ከአዲስ አበባ ሆኖ መከላከል አይቻልም። እረኛው እሳቱን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ እንዲያነድ የሚያሳምነው፣ ፎቶ አንሺው ኮዳውን ሲያነሳ እጁን የሚይዘው እዚያው የሚውል ሰው ብቻ ነው።

“እንጠር” የሚለው ሐሳብም የሚወድቀው በዚሁ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱ የተናቀበት አጥር ግን ቆሞም አይጠብቅም። ከዚምባብዌ ዋና ከተማ ከሐራሬ በስተሰሜን ዶምቦሻቫ የሚባል ባለ ሥዕል ኮረብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥዕሎቹ ላይ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ተለቀለቀባቸው። ጉዳዩን ያጠኑ የአገሩ ባለሙያዎች ድርጊቱን የአካባቢው ሕዝብ ካደረበት ቅሬታ ጋር አያይዘውታል። ዶምቦሻቫ ለዙሪያው ነዋሪ ዝናብ የሚለመንበት ቅዱስ ሥፍራ ነበር፤ በቅርስነት ሲከለል ግን ሥርዓቱን እንደ ልቡ እንዳይፈጽም ተደረገ። በሊቢያው ታድራርት አካኩስ ደግሞ በ2009 ለሺሕ ዓመታት የቆዩ ሥዕሎች ላይ ቀለም የረጨው ቀድሞ ለአስጎብኚ ድርጅት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ለሁለቱም ድርጊት ማስተባበያ የለኝም። ግን ጥፋቱ የመጣው ከሥፍራው ጋር ትስስር ከነበራቸውና ትስስሩ በቂም ከተቋጨባቸው ሰዎች ዘንድ መሆኑን ማየት ይገባናል።

ታንዛኒያ ውስጥ በኮንዶዋ ያለው ሁኔታ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንዶዋ የዓለት ሥዕሎች ያሉበት አካባቢ ነዋሪ እስከ ዛሬ አንዳንዶቹን ከለላዎች ለፈውስና ለዝናብ ጸሎት ይጠቀምባቸዋል። የቅርስ ባለሙያ ሥርዓቱ ሥዕሉን እንዳይጎዳ ይሰጋል፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። ነገር ግን ሥፍራው ለዚያ ሕዝብ ሕያው ሆኖ የቆየው በዚያው ሥርዓት ምክንያት ነው። እዚያ ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ሲባል ከቱሪስት በፊት የሚመጣው ጥቅም ይህ ሥርዓት ነው። መፍትሔው ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው የት፣ መቼና እንዴት የሚለውን መስማማታቸው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ መዳኘትን፣ ገዳንና ሌሎች አገር በቀል ሥርዓቶችን ለምናውቀው ለእኛ ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም።

ጥሩ ምሳሌ ከተፈለገ ናሚቢያ ትዋይፍልፎንቴይን አላት። በደረቁ የሰሜን ምዕራብ ናሚቢያ ምድር ዓለት ላይ ከ2,000 በላይ የእንስሳት ቅርጾች ተፈልፍለዋል፤ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ አንበሳ። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1952 በብሔራዊ ቅርስነት ተከለለ፤ ይሁንና ለረጅም ጊዜ ያለ በቂ ጥበቃ ጎብኚ እንደፈለገ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነበር። ኋላ ላይ የተደረገው ለውጥ ቀላል ነገሮች የተደማመሩበት ነው። ጎብኚ ያለ አስጎብኚ እንዳይገባ ተደረገ። አስጎብኚዎቹ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው የሠለጠኑ ሰዎች ሆኑ። የእግር መንገዱ ተለየ፤ ቅርጹን ከቅርብ ለማየት ዓለቱን ሳይረግጡ የሚቆሙበት መድረክ ተሠራ። የጎብኚ ማዕከሉ ደግሞ ከአካባቢው ድንጋይና ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ፣ ነገ ቢነሳ ጠባሳ እንዳይተው ተደርጎ ተገነባ። ትዋይፍልፎንቴይን በ2007 የናሚቢያ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ሆነ። ለዚህ ሁሉ የላስኮን ቅጂ ለመሥራት የወጣውን ዓይነት ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገም።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ሐርጌሳ አቅራቢያ ያለው ላስ ጌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ለዓለም ሲያስተዋውቀው ደማቅ ቀለማቸውን እንደያዙ የቆዩ፣ አንገታቸው በመስመር ያጌጠ የላሞችና እጃቸውን የዘረጉ የሰዎች ሥዕሎች ተገኙ። ሥዕሎቹ ከሐረር ዙሪያ ካሉት ጋር ዝምድና አላቸው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ግን ሥፍራውን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር፤ መንፈስ ያለበት ነው ብለው ይርቁት ስለነበር ጭሱም እጁም ሳይደርስበት ቆየ። እንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ግን ዘመናዊ መንገድና ጎብኚ ሲመጣ አብሮ ይሄዳል፤ የለቀቀውን ቦታ የሚተካ ጠባቂ ያስፈልጋል።

አገራችን ውስጥም መነሻ የሚሆን ልምድ አለ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ባለው መልካ ቁንጡሬ የቁፋሮው ሥፍራ ተጠብቆ፣ አጠገቡ ትናንሽ የጎጆ ሙዚየሞች ተሠርተው ተማሪና ቤተሰብ ይጎበኘዋል። ከጢያ ትክል ድንጋዮች ጉብኝት ጋር ተያይዞ የተማሪዎች የተለመደ መዳረሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ምርምር፣ ጥበቃና ጉብኝት አንድ ቦታ ላይ አብረው መኖር እንደሚችሉ ይህ ያሳያል።

እንግዲህ ለዓለት ሥዕሎቻችን ምን ይደረግ? እኔ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምንስተው ቅደም ተከተሉን ነው።

መጀመሪያ መመዝገብ። ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የአፍሪካ የዓለት ሥዕል ድርጅት ለዓመታት ያነሳቸው 25,000 ያህል ፎቶግራፎች በብሪቲሽ ሙዚየም ተደራጅተዋል፤ የአገራችንም ሥዕሎች በዚያ ውስጥ አሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የራሳችን መዝገብ በራሳችን ዩኒቨርሲቲዎችና ቅርስ ቢሮዎች እጅ መኖር አለበት። ዛሬ በርካታ ፎቶግራፎችን አገጣጥሞ የግድግዳውን ሙሉ ቅርጽ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ውድ ሥራ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ሐረማያና ዲላ ዩኒቨርሲቲዎች ለሥፍራዎቹ ቅርብ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ ፎቶ ቢያነሱ ምን እንደደበዘዘ፣ ምን እንደተፋቀ በማስረጃ እናውቃለን። ያልተመዘገበ ሥዕል ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ የሚናገር የለም።

ቀጥሎ ጠባቂ መመደብ። ጠባቂው ከቀበሌው የተመረጠ፣ ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ደመወዙ ሳይቆራረጥ የሚከፈለው፣ ለጥበቃም ለአስጎብኚነትም የሠለጠነ ሰው ይሁን። ከመግቢያ ክፍያው የተወሰነው እዚያው ቀበሌ ለውሃ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ሕዝቡ ለመረጠው ነገር ይዋል፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ። ከዚያ የእግር መንገድ፣ መቆሚያና ለከብቶች ሌላ ማረፊያ ይዘጋጅ። እረኛውን ከጥላው አስነስቶ ሌላ ጥላ አለማዘጋጀት ጠላት ማፍራት ነው። ማስታወቂያው፣ ጠቋሚ ሰሌዳውና አስፋልቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። ጠባቂ የሌለውን ሥፍራ ትክክለኛ መገኛ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሠራጨት ደግሞ ለጊዜው ቢቀር ይሻላል።

“ጎብኚ ሳይመጣ የጠባቂው ደመወዝ ከየት ይገኛል?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ የአንድ ጠባቂ ደመወዝ ማንኛውም ወረዳ ከሚያወጣው የመንገድ ወይም የበዓል ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የቱሪዝም ፕሮጀክት ሲታቀድ የጥበቃው ወጪ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወደፊት ከሚገኝ ገቢ እንሸፍነዋለን ማለት ቅርሱን በብድር ማስያዝ ነው። ሆቴል ቢበላሽ ይታደሳል። ሥዕል ከዓለቱ ከረገፈ ግን መልሶ የሚሥለው የለም፤ ቢሣልም ያው ሥዕል አይሆንም።

ሕጉ አለን። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንን፣ መቆፈርንና መጉዳትን ይከለክላል። በቅን ልቦና ተነስቶ ሥዕሉን የሚያጥብ፣ ጥቀርሻውን የሚፍቅ ወይም በኖራ የሚያደምቅ ሰውም ሕግ እየጣሰ ነው። የጎደለን ሕጉን ከሥፍራው ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎችና የከተማ አስተዳደሮች አዲስ ሥፍራ ለጉብኝት ከመክፈታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢመልሱ በቂ ነው፦ ዛሬ ማታ ሥፍራውን የሚጠብቀው ማን ነው? ስሙን መጥራት ካልቻሉ ሥፍራው ለጎብኚ አልደረሰም።

ለአንባቢም አደራ አለኝ። በአጋጣሚ የዓለት ሥዕል ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩት፤ ውሃ አትርጩበት፤ በጠመኔ አታድምቁት፤ አጠገቡ እሳት አታንድዱ። የተጎዳ ካያችሁ ለቅርብ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ከአካባቢው ሰው ጋር ሂዱ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ያ ክፍያ ለሥዕሉ ዕድሜ ከሚደረጉ አስተዋጽኦዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።